«ደህና ቦታ ያስቀምጡት»፦ የአንድ የህመም መርፌ ጉዳይ

ለምን ጻፍኩት

ፋርማሲስት ነኝ። መድኃኒት ሳስረክብ በቀን ስንት ጊዜ «ደህና ቦታ ያስቀምጡት» እንደምል ቆጥሬ አላውቅም። አፌ ለምዶታል። ለሳል ሽሮፕ ይበቃል። ለደም ግፊት ክኒንም ይበቃል። ሰውየው ቤቱ ይገባል፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል፣ ሰዓቱ ሲደርስ አውጥቶ ይወስዳል።

ከዚህ በታች ያለው ጉዳይ ግን ያንን አባባል አስተወኝ። ሐኪም ያዘዘለትን የህመም መርፌ ይዞ መዋል የነበረበት አንድ መምህር በ7 ሳምንት ውስጥ 3 ጊዜ ተቸገረ። ሦስቱንም ጊዜ መድኃኒቱ ያለው እሱ «ደህና» ብሎ ባሰበው ቦታ ነበር። የምጽፈው ራሱን አስፈቅጄ ነው። ስሙን፣ ትምህርት ቤቱንና ማንነቱን ሊያሳብቁ የሚችሉ ዝርዝሮችን ትቻቸዋለሁ።

ሰውየውና ህመሙ

ታካሚው በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ የሁለተኛ ደረጃ የሂሳብ መምህር ነው። ባለትዳር ነው፤ የ5 ዓመት ልጅ አለው። ህመሙ ክላስተር የሚባለው የራስ ምታት ዓይነት ነው።

«ራስ ምታት» የሚለው ስም ራሱ ጎድቶታል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይመስለዋል። «ፓራሲታሞል ዋጥበትና ትንሽ ጋደም በል» ይሉታል። ክላስተር ግን ጋደም ብለው የሚያሳልፉት አይደለም። ህመሙ በአንድ ወገን ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ በዓይን ዙሪያና ከዓይን ጀርባ ነው። ዓይኑ ይቀላል፣ እንባ ይወርደዋል፣ የዚያው ወገን አፍንጫ ይደፈናል፣ የዓይኑ ቆብ ይወድቃል። አብዛኛው ታማሚ መተኛት ቀርቶ መቀመጥም አይሆንለትም። ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ግድግዳ ይደገፋል፣ እንደገና ይነሳል።

አንዱ ህመም ካልታከመ ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል። በቀን እስከ 8 ጊዜ የሚነሳበትም ሰው አለ። በዙር ነው የሚመጣው፤ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይከርምና ደግሞ ለረጅም ጊዜ ድራሹ ይጠፋል። ሰዓት ያከብራል ደግሞ። መምህሩን የሚነሳበት ሌሊት 7 ሰዓት አካባቢና ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ነበር። ባለቤቱ «ከደወሉ ይልቅ እሱ ይታመናል» ትላለች።

ሐኪሙ ያዘዘለት ከቆዳ ሥር የሚወጋ ሱማትሪፕታን ነው። አንዱ መርፌ 0.5 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 6 ሚሊ ግራም መድኃኒት ይዟል። ክኒኑም አለ፤ ግን ክኒኑ ሆድ ገብቶ እስኪሠራ ህመሙ ጫፍ ላይ ደርሷል። መርፌው ብዙዎቹን በ15 ደቂቃ ውስጥ ያስታግሳል። ሞርፊን አይደለም፤ ከአደንዛዥ መድኃኒቶች ጋርም አይመደብም። ገደብ ግን አለው። በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2 መርፌ በላይ አይወሰድም፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 1 ሰዓት መኖር አለበት። የልብ ደም ሥር ጥበት ላለበት፣ ስትሮክ ለመታው ወይም የደም ግፊቱ በቁጥጥር ሥር ላልሆነ ሰው አይሰጥም። መምህሩ እነዚህ እንደሌሉበት አስቀድሞ ተመርምሯል።

መሣሪያው ወፍራም እስክሪብቶ ይመስላል። ክዳኑ ይነሳል፣ ጫፉ ጭን ላይ ተጭኖ «ቀጭ» ሲል እስከ 5 ተቆጥሮ ይነሳል። የሱ ዓይነት ከተወጋ በኋላ መርፌው ወደ ውስጥ አይመለስም፤ ውጭ ይቀራል። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ሦስት ቀኖች

የመጀመሪያው ቀን የመጣው በሁለተኛው ሳምንት ነው። መምህሩ መርፌዎቹን መምህራን ክፍል ባለው ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጥ ነበር። ተማሪ እንዳይነካው ብሎ ነው፤ ሐሳቡ ትክክል ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ሊሆን ሲል ሁለተኛ ፎቅ ላይ እያስተማረ ዓይኑ ማንባት ጀመረ። ሰሌዳው ላይ ግማሽ እኩልታ ትቶ ወጣ። ደረጃውን ወርዶ መሳቢያው ጋ ሲደርስ ቁልፉ የለም። ቁልፉ ቦርሳው ውስጥ፣ ቦርሳው ደግሞ ክፍል ውስጥ ቀርቷል። ተመልሶ ወጣ። ቁልፉን ይዞ ሲመጣ አንድ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ቁልፉ ቀዳዳውን ይስተዋል። መጨረሻ ላይ የከፈተችለት ባልደረባው ናት። ከተነሳበት እስከተወጋ 18 ደቂቃ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ መርፌውን የኮቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ መያዝ ጀመረ። ይህ ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ለሥልጠና የሄደበት ሕንፃ በር ላይ የብረት መፈተሻው ጮኸ፤ መሣሪያው ውስጥ ብረት አለ። የጥበቃ ሠራተኛው አወጣው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መድኃኒት ነው።»

«የምን?»

«የራስ ምታት።»

ጥበቃው መርፌውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው። «ለራስ ምታት መርፌ?» ከኋላው ከተሰለፉት አንዱ ሳቀ። ሌሎቹ ያዩትን እንዳላየ ሆነው ፊታቸውን አዞሩ። መምህሩ እንደነገረኝ ከህመሙ ይልቅ ያቺ ዝምታ ከበደችው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ መርፌውን መኪናው ዳሽቦርድ ውስጥ ተወው። ተሸፍኗል፣ ማንም አያየውም። 2 ሳምንት እንዲያ ሆኖ ከረመ። ሁለተኛው ቀን ያኔ መጣ፤ ቀትር ላይ ተነሳበት፣ እየሮጠ መኪናው ጋ ደረሰ፣ ተወጋ። እንደወትሮው አላስታገሰለትም። ሙቀቱ ይሁን መዘግየቱ ለይቶ መናገር አይቻልም። መድኃኒቱ ግን ከ2 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ መቀመጥ ያለበት ነው፤ ሞቅ ባለ ቀን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ወደ 50 ዲግሪ ይጠጋል። የቀሩትን አስጣልኩት።

ሦስተኛው በ7ኛው ሳምንት ነው፤ ይህኛው ለኔም ከባድ ነበር። መምህሩ እረፍት ሰዓት ላይ ተወግቶ ያገለገለውን መርፌ ቦርሳው ውስጥ ወርውሮት ነበር። ክዳኑ የት እንደገባ አላወቀም። ከሰዓታት በኋላ አንዲት ባልደረባው ማርከር ጠየቀችው። «ቦርሳዬ ውስጥ አለ፣ ውሰጂ» አላት። እጇን ሰደደች። ወፍራም እስክሪብቶ የሚመስል ነገር ጨበጠች። ጣቷን ወጋት።

ደግነቱ ትምህርት ቤቱ ነርስ ነበረችው። ቦታውን በሳሙናና በወራጅ ውኃ አጠበችላት፤ አልጨመቀችውም። (በአፍ መምጠጥም መጭመቅም አይመከርም፣ ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው።) በዚያው ቀን ሁለቱም ጤና ተቋም ሄዱ። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት ካስፈለገ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። የመምህሩ የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ነፃ ሆኖ ተገኘ። ባልደረባው ምንም አልሆነችም። ግን ሁለት ሰው አንድ ከሰዓት ሙሉ በፍርሃት ቆየ፣ ምክንያቱ ደግሞ ክዳን ነው።

ጥፋቱ የማን ነው?

መምህሩ በማግስቱ ሲመጣ ራሱን ሲወቅስ ነበር። እኔ ግን የማስረከቢያ መዝገቤን አወጣሁ። ምን እንደነገርኩት በእጄ ጽፌያለሁ፦ መጠኑን፣ ገደቡን፣ ሙቀቱን፣ ደረት ላይ የመጫን ስሜት ሊመጣ እንደሚችልና ካልለቀቀው ቶሎ ሐኪም ጋ መድረስ እንዳለበት። መጨረሻ ላይ «አቀማመጥ ተነግሯል» ይላል። የተነገረው አቀማመጥ «ደህና ቦታ» ነው።

ሦስቱን ቀኖች ጎን ለጎን አድርገን ስናያቸው ነገሩ ገባን። ሲቆልፈው ከልጆች ተጠበቀ፣ ከሱም ራቀ። ሲደብቀው ከሰው ዓይን ተጠበቀ፣ ለሙቀት ተጋለጠ። ሲያቀርበው ለሱ ደረሰ፣ የሌላ ሰው እጅም ደረሰበት። አንዱን ጎን ሲደፍን ሌላው ይከፈታል። የኛ ምክር ደግሞ ሁልጊዜ የሚያስበው ስለ አንዱ ጎን ብቻ ነው፤ መድኃኒቱን ከሰው ስለመጠበቅ። ባለቤቱ በ2 ደቂቃ ውስጥ እንዲደርስበት ስለማድረግ ማንም አልነገረውም። እኔም ጭምር።

ምን አደረግን

መጀመሪያ የደብተር ወረቀት ሰጠሁት። «ያንን የመሳቢያውን ቀን በየሰዓቱ ይጻፉልኝ። እርስዎ የት ነበሩ? መርፌው የት ነበር?» አልኩት። የሂሳብ መምህር ነውና ድምሩን ራሱ ሠራው። ከ24 ሰዓት ውስጥ መርፌው በ2 ደቂቃ የሚደርስበት ቦታ የነበረው ለ9 ሰዓት ብቻ ነው። ህመሙ የሚነሳባቸው ሁለቱ ሰዓታት ከዘጠኙ ውስጥ አልነበሩም። ሌሊት ማዕድ ቤት ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ ቀን የተቆለፈ መሳቢያ ውስጥ። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

መያዣውን በተመለከተ ብዙ ነገር አየን፤ ያሸነፈው ጠንካራ የመነጽር ቤት ነው። «ከች» ብሎ ይዘጋል፣ አይጨፈለቅም፣ ብርሃን አያስገባም፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። መድኃኒቱ ከብርሃን መጠበቅ ስላለበት ይህ ጠቅሞናል። መነጽር ቤቱን የሚይዘው ሁልጊዜ አብሮት በሚሄደው ትንሽ ቦርሳ ውጨኛ ኪስ ነው። ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ ኪስ አልመረጥንም። የቆዳ ሙቀት ከ30 ዲግሪ ያልፋል፤ ሸሚዝ ኪስ ወይም ሱሪ ኪስ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚውል መርፌ ሳናውቀው ከገደቡ በላይ ይሞቃል። ኮትም ይወልቃል፣ ወንበር ላይ ይረሳል።

ቀጥሎ ቁጥሩ መጣ። ቀድሞ 4 ወይም 5 መርፌ ይዞ ይወጣ ነበር፣ «ለማንኛውም» ብሎ። ማስታወሻ እንዲይዝ ካደረግኩ በኋላ ግን ከገደቡ ያለፈባቸው ቀኖች እንደነበሩ ታየ። ህመሙ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነሳበት መርፌው እጁ ላይ ነው፣ ማን ይታገሣል? ስለዚህ ጠዋት ሲወጣ በ24 ሰዓቱ ውስጥ የቀረለትን ብቻ ይይዛል። ሌሊት አንድ ከተወጋ፣ ቀን የሚይዘው አንድ ነው። የተወጋበትን ሰዓት መነጽር ቤቱ ክዳን ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ይጽፋል። የተቀረው ክምችት ቤት ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ መቆለፍ የሚገባው እሱ ነው።

ማስታወሻውን ወደ ሐኪሙ መለስነው። ይህ ከመያዣው ሁሉ በላይ ጠቀመ ብል አላጋነንኩም። ሐኪሙ ህመሙን አስቀድሞ የሚያዳክም መድኃኒት፣ ቬራፓሚል፣ ከኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ክትትል ጋር ጀመረለት። ለሌሊቱ ደግሞ ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ኦክስጅን አዘዘ፤ 100 ከመቶ ኦክስጅን በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር፣ አየር በማያስገባ ጭንብል፣ ለ15 ደቂቃ። ሲሊንደር ይዞ ክፍል አይገባም፤ እሳትና ሲጋራ ባለበትም አይከፈትም። ቢሆንም ሌሊቱን ኦክስጅኑ ሲይዝለት መርፌው ለቀን ተረፈ።

በር ላይ የሚያሳየው ደብዳቤ አስፈለገው፤ ይህ ቀላል ነበር። ሐኪሙ በአንድ ገጽ ላይ የታካሚውን ስም፣ የመድኃኒቱን መጠሪያ፣ መጠኑን፣ በራሱ እንደሚወጋና መሣሪያውን ይዞ መንቀሳቀስ እንዳለበት ጽፎ ፈረመ፣ ማኅተም መታ። የመድኃኒቱ ስም የንግድ ስሙ ብቻ እንዳይሆን አሳሰብኩ፤ የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል። አንዱ ቅጂ መነጽር ቤቱ ውስጥ፣ አንዱ ስልኩ ላይ በፎቶ። መርፌው ላይ የኛ ፋርማሲ ለጥፎት የነበረውን ስሙ ያለበትን ወረቀት እንዳይልጠው ነገርኩት። ቀድሞ ይልጠው ነበር፣ ሰው እንዳያነብበት ብሎ። ስም የሌለው መርፌ ግን በር ላይ የሚያስጠረጥረው ይብሳል።

በሩ ላይ ምን እንደሚል ተለማመድን። «ራስ ምታት» የሚለውን ቃል አወጣነው። «ሐኪም ያዘዘልኝ የድንገተኛ ህመም መርፌ ነው፣ ደብዳቤው ይኸው።» ከመፈተሻው በፊት፣ ሳይጠየቅ፣ በእጁ ይዞ። ከመጠየቅ በፊት የሚናገር ሰውና ተፈትሾ የተገኘበት ሰው አንድ አይደሉም። ከዚያ በኋላ ባለፈባቸው በሮች ሁሉ ከአንዱ በቀር ችግር አልገጠመውም። አንዱ ጥበቃ «እዚህ ተዉትና ሲወጡ ይውሰዱ» አለው። አልሰጠም። አለቃውን እንዲጠሩለት ጠየቀ፣ 10 ደቂቃ ቆመ፣ ገባ።

ለሰው መንገሩን አልወደደውም ነበር። በሦስት ሰው ተስማማን፦ ባለቤቱ፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩና አጠገቡ የምትቀመጠዋ ባልደረባው። የሚያውቁት ሦስት ነገር ነው፤ መነጽር ቤቱ የት እንዳለ፣ ሲነሳበት ምን እንደሚመስልና ምን እንደማያደርጉ። አይወጉትም። መነጽር ቤቱን ከፍተው እጁ ላይ ያኖሩለታል፣ በቃ። ደረቱን አጥብቆ ይዞት ካልለቀቀው ወይም አንደበቱ ከተያዘ ድንገተኛ ሕክምና ይጠራሉ።

የሌሊቱ ነገር ነው ያስገረመኝ። የ5 ዓመት ልጅ ባለበት ቤት መርፌ ራስጌ መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም። ቁም ሳጥን አናት ላይ ሲሆን ደግሞ ሩቅ ነው። መፍትሔውን ያገኘችው ባለቤቱ ናት። «ሲያመው መቼ ተኝቶ ያውቃል? ብድግ ብሎ ይቆማል» አለች። መኝታ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ አዋቂ ቆሞ በክንዱ ልክ የሚደርስበት መደርደሪያ ሠሩ። ልጁ ወንበር ላይ ቢወጣም አይደርስበትም። ወንበሩንም ከክፍሉ አወጡት። ጨለማና የሚያነባ ዓይን ስላለ ያልተነካው መርፌ ላይ የላስቲክ ቀለበት ጠመጠሙበት። ላስቲክ ካለው አዲስ ነው። በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል፣ መብራት አያስፈልገውም። ይህን እኔ በ10 ዓመትም አላስበውም ነበር።

ያገለገለው መርፌ ክዳን ተመልሶ አይደረግበትም። እጅ የሚወጋው ብዙውን ጊዜ ክዳን ሲመለስ ነውና። ለመንገድ የሚሆን፣ ግድግዳው የማይበሳ ትንሽ ሴፍቲ ቦክስ ሰጠሁት፤ ከተወጋ በኋላ በቀጥታ እዚያ ውስጥ። ቤት ውስጥ ትልቁ አለ። ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ ወደኛ ይመጣል። ሴፍቲ ቦክስ ላላገኘ ሰው ክዳኑ የሚጠብቅ፣ ወፍራም የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙስ ያገለግላል። የውኃ ፕላስቲክ ግን አይሆንም፤ ስስ ነው፣ መርፌው በስቶት ይወጣል።

በመጨረሻ ልምምድ። ባዶ የመለማመጃ መሣሪያ ይዞ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ቆሞ፣ ስልኩ ላይ ሰዓት እየቆጠረ። መጀመሪያ ቀን ዚፑን ለመክፈት ብቻ ሲታገል ቆየ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ከኪስ እስከ ጭን 1 ደቂቃ አልሞላም።

ያልሠራው

በረዶ። ከመኪናው ሙቀት በኋላ ፈርቶ መርፌዎቹን የምሳ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ውስጥ ከበረዶ ጋር አያይዞ ያዛቸው። በቀጥታ በረዶው ላይ ተኝተው አደሩ። ከ2 ዲግሪ በታች መውረዳቸው ግልጽ ስለነበር እነሱንም ጣልናቸው። ውድ ትምህርት ነበረች። ይህ መድኃኒት ቅዝቃዜ አይፈልግም፤ የሚፈልገው እንዳይሞቅና እንዳይቀዘቅዝ ነው። በጣም በሚሞቅ ቀን በፎጣ የተጠቀለለ መነጽር ቤት ቦርሳው መሃል ላይ ይበቃል።

ወገብ ላይ የሚታሰር ቦርሳም ሞክሮ ነበር። ቶሎ ይደረስበታል፣ እውነት ነው። ተማሪዎቹ ግን በሁለተኛው ቀን ስም አወጡለት። ተወው። እኔ አልተከራከርኩትም፤ ሰው የሚያፍርበትን መያዣ ቤቱ ትቶት ይወጣል።

«መርፌ ይዘሃል?» የሚል የስልክ ማስታወሻ በየጠዋቱ እንዲደውል አድርገን ነበር። በ4ኛው ቀን ሳያነበው ማጥፋት ጀመረ። የተሻለው መነጽር ቤቱን ከቁልፎቹ ጋር አንድ ሳህን ላይ ማሳደር ነው ብለን አሰብን፤ እሱም አልሆነም፣ ሳህኑ ልጁ የሚደርስበት ቦታ ነበር። አሁን ቁልፎቹ ናቸው ወደ መደርደሪያው የወጡት። ያለ ቁልፍ ከቤት አይወጣም፣ ስለዚህ ያለ መርፌም አይወጣም።

ሦስቱ ሰዎችም እንደጠበቅነው አልሆኑም። አንዱ ለሌላ ሰው ተናገረ፣ ወሬው ተማሪ ጋ ደረሰ፣ «መምህር መርፌ ይወጋል» ተባለ። መምህሩ ክፍል ገብቶ ራሱ ነገራቸው። በ5 ደቂቃ ውስጥ፣ ሰሌዳ ላይ የዓይንና የነርቭ ሥዕል ሥሎ። ወሬው በዚያው ሞተ። ይህን ግን ለሁሉም ሰው አልመክርም። መድኃኒቱ ሌላ ቢሆን ኖሮ ጨርሶ የተሳሳተ ነገር ይሆን ነበር።

ለሌላ ታካሚ ምን ይወሰዳል?

ከዚያ ወዲህ ድንገት የሚፈለግ መርፌ ለታዘዘለት ሰው ሁሉ የምጠይቀው ጥያቄ ተለውጧል። «የት ያስቀምጡታል?» አልልም። «ባለፈው ሲያምዎት የት ነበሩ?» እላለሁ። መልሱ ራሱ ቦታውን ይነግረናል። አንዲት እናት «ወጥ ቤት» አለችኝ። አንድ ሹፌር «መሪ ላይ» አለኝ፤ እሱ ጋ ስለ መያዣ ከመነጋገራችን በፊት መኪናውን ዳር አሲዞ ስለ መቆም ተነጋገርን።

የታዘዘው መርፌ ሞርፊን ወይም ፔቲዲን ሲሆን ግን ከላይ የጻፍኩት ግማሹ ይገለበጣል። እነዚህ በ1961 ዓለም አቀፍ የአደንዛዥ መድኃኒቶች ስምምነት ሥር ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። የሚያውቅ ሰው ቁጥር ሲበዛ የሚፈልገውም ይበዛል። ስለዚህ የሚነገረው ለአንድ የሚታመን ተንከባካቢ ነው፣ ለክፍል ተማሪ አይደለም። የሚያዘው የዚያን ቀን ብቻ ነው፤ የተቀረው በቁልፍ፣ በቁጥር፣ በየቀኑ እየተቆጠረ። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በአምፑል፣ ማለትም በታሸገ ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ስለሆነ ጥጥ ወይም ስፖንጅ የሌለው ቦርሳ ውስጥ ይሰበራል። የተሰበረ አምፑል ደግሞ «ጠፋ» ከሚለው ጋር አንድ ይመስላል፤ ስብርባሪውን በጠንካራ ዕቃ ይዞ መመለስ ይሻላል። የተረፈው ወደ ፋርማሲ ይመለሳል። ለጎረቤት፣ ለዘመድ፣ «ለታመመች አክስት» አይሰጥም። ሲጀመርም ሆነ መጠኑ ሲጨመር እንቅልፍ እንቅልፍ ሊል ስለሚችል መሪ መያዝ በሐኪሙ ፈቃድ ነው።

ጉዞ ላይ ሁለቱም አንድ የሚሆኑበት ነገር አለ። በአውሮፕላን ሲሆን መድኃኒቱ በእጅ ሻንጣ ነው የሚሄደው፣ ከነማሸጊያው፣ ከነደብዳቤው። የሚጫነው ሻንጣ ይጠፋል፣ ይዘገያል፣ ዕቃ መጫኛው ውስጥም ሊቀዘቅዝ ይችላል። የፍተሻው ኤክስሬይ መድኃኒቱን አይጎዳውም። ከአገር ለሚወጣ ሰው ግን ልዩነቱ ተመልሶ ይመጣል። ለሱማትሪፕታን ደብዳቤው አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሞርፊን ለሚይዝ ሰው ግን አንዳንድ አገሮች አስቀድሞ የወጣ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ሊገባ የሚችለውን የቀን ብዛትም ይወስናሉ። የመዳረሻውን አገር ኤምባሲ መጠየቅ ነው፤ የዓለም አቀፉ የአደንዛዥ ዕፅ ቁጥጥር ቦርድም ለተጓዦች የየአገሩን ደንብ ያወጣል። በትራንዚት የሚያልፉበትንም አገር አይርሱ።

አሁን

የመምህሩ ዙር በ11ኛው ሳምንት አለቀ። ከለውጡ በኋላ በነበሩት 4 ሳምንታት መርፌው ሲያስፈልገው ያጣበት ቀን አንድ ብቻ ነው፤ መነጽር ቤቱን ተሳስቶ የእውነተኛ መነጽሩን ይዞ የወጣ ዕለት። አሁን በመርፌው ቤት ላይ ቀይ ፕላስተር አለ።

ከወራት በኋላ መጥቶ «ህመሙ ሄዷል፣ ይሄን ነገር ልተወው?» አለኝ። መነጽር ቤቱን ከፈትኩት። ደብዳቤው አለ፣ ላስቲኩ አለ፣ መርፌው አለ። የመርፌው ጊዜ ከ3 ሳምንት በፊት አልፎበታል። ቀይሬ ሰጠሁት፣ የሚያበቃበትን ወርና ዓመትም ቀዩ ፕላስተር ላይ ጻፍኩለት። «ቀጣዩ ዙር ደውሎ አይመጣም» አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። «ለኔማ ይደውላል፣ 7 ሰዓት ላይ» ብሎኝ ወጣ።